የመምህር ምንጩ የመጨረሻ እርማት

መምህር ምንጩ ከቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ በጎናቸው ወድቀው ተገኙ። የወደቁት ከሦስተኛ ፎቅ ነው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውሱት መዝገብ ቤቱና የመጽሐፋቸው ሽፋን ብቻ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ በተማሪ ደብተር ጠርዝ ላይ «ምንጩስ?» እያሉ በቀይ ሲጽፉ ኖረው፣ ጥያቄው ስም ሆኖ ቀረላቸው።

መርማሪዋ የደረሰችው ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀዳዳ ካየች ሳትገባ አትመለስም። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ የቀኝ እጃቸውን አየች። አውራ ጣታቸው ላይ ያልደረቀ ቀይ ቀለም አለ። ክዳን የሌለው ቀይ እስክሪብቶ አንድ እርምጃ ያህል ርቆ ወድቋል።

ርዕሰ መምህሩ አንገታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ መጡ። «ራሳቸውን ነው የጣሉት። ደብዳቤ ትተዋል።»

«ማን አነበበው?»

«እኔና እትዬ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናቸው። መጀመሪያ ያገኙትም እሳቸው ናቸው።»

«እንግዲያው ማንም ከግቢ አይውጣ።»

ፎቅ ላይ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ወጣች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የከሰዓቱ ትምህርት አልጠፋም፦ «ጥቀስ። አስፈቅድ። ካልሆነልህ የራስህን ጻፍ።» ደብዳቤው ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ በሰማያዊ ቀለም፣ በመምህሩ እጅ ተጽፏል።

«የሰው ሥራ የራሴ አድርጌ አቅርቤያለሁ። ባደረግሁት አፍሬያለሁ። ከእንግዲህ በመካከላችሁ መቆየት አይገባኝም። ይቅር በሉኝ።»

ወረቀቱን ከኮፒ ማሽኑ ካወጣችው ሌላ ወረቀት ጋር አጋጠመችው። ከላይ በኩል ሁለት ጣት ያጥራል፤ ጠርዙም እንደ ምላጭ ቀጥ ያለ ነው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ደስ የሚል፣ የወጥ ቤት የሚመስል ሽታ አለው። ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልመጣላትም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ወጣቱን የሥነ ጽሑፍ መምህር ነው። ከንፈሩ ደርቋል።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ማን ነገረዎት?» አለና ትከሻው ወረደ። «የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ሦስት ገጽ የሌላ ሰው ነው። ደረሱበት። ‹እስከ ዓርብ ራስህ ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አሉኝ።»

«ሲሞቱ ምን ተሰማህ?»

«ቀለለኝ። ይቅር ይበለኝ፣ ቀለለኝ።»

«የት ነበርክ?»

«ሜዳ ላይ። አርባ ልጅ መረብ ኳስ ሳጫውት። ከታች ሆኜ አይቻቸው ነበር፤ ዓይናቸው ስለ ደከመ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያርሙት። ዘወር ስል ጩኸት ሰማሁ።»

ርዕሰ መምህሩም ቂም አላጡም። መምህር ምንጩ በዚያው ሳምንት ለዐሥራ አራት ተማሪዎች ዜሮ ሰጥተዋል፤ አንዱ የርዕሰ መምህሩ የእህት ልጅ ነው። «ወላጅ ቢሮዬን አጥለቅልቆት ነበር» አሉ። «ጩኸቱ ሲሰማ አንዲት እናት ጠረጴዛዬን እየደበደቡ ነበር። ከፈለጉ ይጠይቋቸው፤ እስካሁን በር ላይ ቆመዋል።» መርማሪዋ ጠየቀች። ሴትዮዋ ምስክርነታቸውን ሰጥተው ስለ ዜሮውም እግረ መንገዳቸውን አቤት አሉ።

እትዬን ያገኘቻቸው ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ሃምሳውን ያለፉ፣ ጣታቸው ረጃጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆኑ ሴት ናቸው። የተቀደደ መጽሐፍ ጀርባ በብሩሽ ሙጫ ይቀባሉ።

«መምህሩ ሲወድቁ የት ነበሩ?»

«እዚሁ የኔ ልጅ። ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ፤ ደብዳቤውን አየሁ።»

«ሙጫው ይሸታል። ቅርንፉድ ነው?»

«ብል እንዳይበላው ነው። እናቴ ያስተማረችኝ ዘዴ ነው። ሰውን ለሚበላው ብል ግን እስካሁን ሙጫ አልተገኘለትም።»

«እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?»

እትዬ ብሩሹን አስቀመጡ። «ጎበዝ አስተማሪ። ስርቆትን እንደ እሳቸው አብጠርጥሮ የሚያውቅ የለም።»

መርማሪዋ ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ ተመለሰች። አንድ ተማሪ የረሳውን ደብተር ከላዩ አነሳች፤ ውስጡ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። ከመደርደሪያው ደግሞ የመምህሩን የአጫጭር ልቦለዶች መጽሐፍ ወሰደች፤ ስማቸው የተጠራበት መጽሐፍ ነው። ሦስተኛውን ታሪክ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መዝገብ ቤት ወረደች። ስትመለስ ጠባቧን ክፍል ጥግ በጥግ ፈተሸች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስቱንም ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ከደብዳቤው ልጀምር» አለች። «የእጅ ጽሑፉ የመምህሩ ነው። ግን የስንብት ደብዳቤ አይደለም።» ደብተሩ ውስጥ ያገኘችውን ኮፒ ዘረጋች። ቃሉ አንድ ነው፤ ከላይ ግን ራስጌ አለው፦ «መልመጃ ሦስት፦ ይህ የይቅርታ ደብዳቤ ምን ይጎድለዋል?»

«ምንጭ!» አለ ወጣቱ መምህር ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «የማንን ሥራ፣ ከየት እንደ ወሰደ አይናገርም። በየዓመቱ ይሰጡታል። ‹ምንጩን ያልጠራ ይቅርታ ሁለተኛ ስርቆት ነው› ይሉ ነበር። ደብዳቤውን ባየው ኖሮ ወዲያው አውቀው ነበር!»

«መልመጃ መሆኑ እንዳይታወቅ የተጠነቀቀ ሰው አለ። ራስጌው በመቀስ አልተቆረጠም፤ በመጽሐፍ መቁረጫ ነው። በቀለም የተጻፈው ዋናው ወረቀት የሚቀመጠው ደግሞ ኮፒ የሚያነሳው ሰው ጋ ነው።»

ርዕሰ መምህሩ ቀስ ብለው ወደ እትዬ ዞሩ። እትዬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው መርማሪዋን ብቻ ያያሉ።

«ሁለተኛ፣ መምህሩ ሲወድቁ እያረሙ ነበር። ሊሞት የቆረጠ ሰው ነጠላ ሰረዝ አያስተካክልም። ያርሙት የነበረው ወረቀት ግን ከላይም ከታችም የለም። ያገኘሁት እዚያች ክፍል፣ ከመጽሐፍ መጭመቂያው ሥር ነው።» አንድ ጥራዝ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «የመጽሐፋቸው አዲስ እትም የእርማት ቅጂ ነው። ሦስተኛው ታሪክ ውስጥ መጽሐፍ የምትጠርዝ እናት አለች። ሙጫዋ ውስጥ የተፈጨ ቅርንፉድ ትጨምራለች፤ ልጇ እናቷ መምጣቷን በር ላይ በሽታው ታውቃለች። ይህ ደብዳቤም ቅርንፉድ ይሸታል። እትዬ፣ ታሪኩን የጻፈችው ልጅዎ ናት።»

«ናት» አሉ እትዬ። ድምፃቸው አልተለወጠም፤ «እሳቸው» ማለቱን ግን ተዉት። «ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ለውድድር ላከችው፤ ዳኛው እሱ ነበር። ‹አላለፈም› ብሎ መለሰላት። በዓመቱ በራሱ ስም አሳተመው። ልጄ ይህን ሳታውቅ ታሪኳን ለትምህርት ቤቷ መጽሔት ሰጠች። ሰልፍ ላይ አቁመው፣ መጽሐፉን ከፍተው እያሳዩ ‹ሌባ› አሏት። በገዛ ሥራዋ! ትምህርቷንም ብዕሯንም የዚያን ቀን ጣለች።»

«እርስዎም እዚህ ተቀጠሩ።»

«አራት ዓመት ‹ደህና አደሩ› አልኩት። መልመጃውን ኮፒ አነሳሁለት። በራሱ ቃል ልቀብረው ነበር የፈለግሁት፤ ልጄን በራሷ ቃል እንደ ቀበራት። ዛሬ ለልጆቹ ‹የሰው ሥራ የሰረቀ ዕድሜ ይሰርቃል› ሲል ሰማሁት። ተማሪው ወጣ። እሱም ደፉ ላይ ተቀመጠ።»

«አልተነጋገራችሁም?»

«የልጄን ስም ጠራሁለት። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። አልጠበቅሁም።»

መርማሪዋ ጥራዙን ሦስተኛው ታሪክ ላይ ከፍታ ወደ እሳቸው ገፋችው። የመምህሩ ስም በቀይ ተሰርዞ የልጅቷ ስም ተጽፏል፤ መርማሪዋ መዝገብ ቤት ወርዳ በእትዬ የሥራ መዝገብ ላይ ተጠሪ ተብሎ ያገኘችው ስም። ከሥሩ፦ «ታሪኩ የእሷ ነው። ሰርቄያታለሁ። ይህ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይታ» ይላል። እዚያ ላይ ቀለሙ ተስቦ ከገጹ ወጥቷል።

«መጽሐፉን ስላወቁት ደበቁት፤ ገልጠው ግን አላዩትም» አለች።

እትዬ ለረጅም ጊዜ አነበቡ። ወጣቱ መምህር ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ዐሥራ አንድ ዓመት ዘገየ» አሉ በመጨረሻ። «አንብቤው ቢሆን ኖሮም እገፋው ነበር።» ተነስተው ሁለት እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ የገጹን ኮፒ ይዛ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ገባች። ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ተቀበለቻት። የሆነውን ሁሉ ከሰማች በኋላ ስሟን በጣቷ ተከትላ አነበበች፤ ከዚያ ከሥሩ ያለውን።

«እናቴ ይህን አይታዋለች?»

«አይታዋለች።»

«ከመግፋቷ በፊት ነው በኋላ?»

መርማሪዋ መዋሸት አማራት። «በኋላ ነው እህቴ።»

ወጣቷ ወረቀቱን አጠፈችው። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ፣ ያልተጨረሰው ልብስ ላይ ጥላው ተነሳች።

«ያለችበት ውሰጂኝ» አለች።