እንደወረደ ይነበብ

አራተኛውን ወረቀት ጨምድዳ ከቁራጭ ጨርቆቹ ጋር ወደ ጆንያው ወረወረችው። ረዝሞባታል። ቤተ ክርስቲያን በማይክ የሚነበብ ነገር አጭር መሆን አለበት፤ ሰው ማዛጋት ሳይጀምር፣ ከኋላ ያለ ሕፃን ሳያለቅስ፣ በአንድ ትንፋሽ ተነቦ የሚያልቅ። ብጣሽ የሚሏት ይህቺ ልጅ እስክሪብቶዋን አራግፋ አምስተኛውን ጀመረች።

«ጌታ የመጀመሪያ ሥራዬን ስለሰጠኝ አመሰግነዋለሁ። ወፊቱ ጋውኑን ራሷ በካውያ አቃጥላ በእኔ ስታሳብብ፣ ያለ ጥፋቴ ከመዘምራን ስባረር፣ እውነቱን እሱ ስላየልኝ አመሰግነዋለሁ።»

ድምፅ ሳታሰማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ስድብ የለበትም፣ እርግማን የለበትም፤ ከላይ እስከ ታች ምስጋና ነው። ማንም ተነስቶ ምን ነካሽ ሊላት አይችልም።

ብጣሽ የሚለውን ስም ያወጣችላት አክስቷ ናት። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር እየገባች ብጣሽ ጨርቅ ስትለቅም ትውል ነበር፤ ቁመቷም ከዚያ ጠረጴዛ ብዙ ከፍ ሳይል ስለቀረ ስሙ እንደተሰፋባት ቀረ። ዘንድሮ አሥራ አምስት ዓመት ሞላት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አክስቷ በደሞዝ ቀጠረቻት፤ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች። ጣቷን መርፌ እየወጋት አንድ ወር ሠርታ ትናንት የመጀመሪያ ደሞዟን ተቀበለች።

«ለእግዚአብሔር ነው የምትጽፊው?» አለች አክስቷ ከስፌት መኪናው ቀና ሳትል።

«አዎ።»

«ለእሱ የሚጻፍ ነገር ይህን ያህል ስርዝ ድልዝ ከበዛበት ለሰው ነው ማለት ነው።»

ብጣሽ ወረቀቱን በእጇ ሸፈነችው። አክስቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት የሚለውን ተረት ለራሷ እንደምታወራ አድርጋ ጣል አደረገችው። ብጣሽም መልስ አላጣችም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አለቻት። አክስቷ ይህቺ ምላስ ቁልፍ መትከል ትችል ቢሆን ኖሮ ሱቁ በበለጸገ ነበር ብላ ሳቀችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በነሱ ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ስጦታ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡን ነጭ ፖስታ ውስጥ ይከትና የሚያመሰግንበትን ምክንያት በወረቀት ጽፎ አብሮ ያስገባል። ከመባው በኋላ አንድ ሽማግሌ ወረቀቶቹን እያወጡ ለምእመናኑ ያነባሉ። እኚህን ሰው ወጣቶቹ ጋሽ እንደወረደ ይሏቸዋል፤ የተጻፈውን ሁሉ እንደወረደ ስለሚያነቡት። ለአምላክ የተጻፈ ምስጋና ውስጥ ገብቶ የሚቀንስና የሚጨምር እኔ ማነኝ ይላሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ባሏ ማንኮራፋት ስላቆመላት ያቀረበችውን ምስጋና ባልየው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ እያለ አንብበውታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱ ተሳስቶ የሱቅ ዝርዝር ፖስታው ውስጥ ቢከት፣ ሁለት ሳሙና አንድ ክብሪት ብለው በግርማ ሞገስ አነበቡና ሕዝቡ አሜን አለ።

ብጣሽ ይህን ሁሉ አስባበታለች። ጋሽ እንደወረደ አንዴ ከጀመሩ እስከ ነጥቡ አይቆሙም። ወፊቱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ፊት ለፊት፣ ከመዘምራኑ መሃል ትቆማለች። መሸሻ የላትም።

ወፊቱ ድምፅዋ የሚያምር ልጅ ናት፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ፣ አንድ ዳቦ ለሁለት የሚካፈሉ ጓደኛሞች ነበሩ። ከስምንት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ የመዘምራኑን ጋውን የመተኮስ ተራ የሁለቱ ሆነ። ብጣሽ ውኃ ልትቀዳ ወጣ ብላ ስትመለስ አንዱ ጋውን ደረቱ ላይ የካውያ ቅርጽ ታትሞበት ይጨሳል፤ ወፊቱ ስልኳን በአንድ እጇ እንደያዘች አፏን ከፍታ ቆማለች። የመዘምራኑ አስተባባሪ ሽታውን ተከትላ ገባች። ወፊቱም ጣቷን ቀስራ «እሷ ናት» አለች።

ብጣሽ የዚያን ቀን ለምን ዝም እንዳለች እስከ ዛሬ ራሷን ትጠይቃለች። እውነቱን ለመናገር፣ ወፊቱ አሁን «አቦ ስቀልድ ነው» ትላለች ብላ እየጠበቀች ነበር። ሳትል ቀረች። ዝምታዋ ጥፋተኛነቷ ተደርጎ ተቆጠረና አሥራ አንዱ መዘምራን እያዩ ጋውኗን አውልቃ እንድታስረክብ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ መቀመጫዋ የኋላው ወንበር ነው።

ይህም ሁሉ ባልከፋ። እናቷ ግን አለች። እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ እጇ ከሳሙናና ከፈላ ውኃ ብዛት ቅርፊት ሆኗል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀቻት፤ አላደረግሁም ስትላት አመነቻት። አምናትም ግን ለተቃጠለው ምትክ የሚሆን ጨርቅ ገዝታ አስረከበች፤ የእግዚአብሔር ቤት ዕቃ ጎድሎ አይቅር ብላ። ለዚያ ጨርቅ ስትል ሁለት ወር ሙሉ ታክሲ ትታ ሥራ በእግሯ ተመላለሰች። ማታ ማታ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ስትዘፈዝፍ ብጣሽ ታያት ነበር፤ ያየችውንም አንድ ባንድ በሆዷ አስቀመጠችው። ወሩን ሙሉ ቁልፍ ስትተክል በመርፌዋ የምትወጋው ጨርቁን አልነበረም።

በቤታቸው የመጀመሪያ ደሞዝ ሙሉ በሙሉ በኩራት ነው፤ ከእጅ የወጣ የመጀመሪያ ፍሬ ለእግዚአብሔር ይሰጣል። እናቷ ይህን ስትነግራት ልጅቷ ታኮርፋለች ብላ ሰግታ ነበር። የብጣሽ ጫማ አፉን ከፍቷል፣ እኩዮቿ ሁሉ ስልክ አላቸው። ብጣሽ ግን ወዲያው እሺ አለች። እናቷ በደስታ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ልጅቷ እሺ ያለችበትን ምክንያት ብታውቅ ኖሮ ዝም ባለች ነበር።

እሑድ ጠዋት ልብሳቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ እናቷ ፖስታውን ተቀበለቻትና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሁለቱንም መዳፎቿን ጫነችበት። ብጣሽ ደነገጠች፤ የምትከፍተው መስሏት ነበር። እናቷ ዐይኗን ጨፍና ነበር።

«ጌታ ሆይ፣ ይህ የልጄ የመጀመሪያ ላብ ነው። እኛ አልቀመስነውም፤ መጀመሪያ አንተ ቅመሰው። ጥሩ መዓዛ ይሁንልህ።»

እናቷ አሜን አለችና ዐይኗን ገልጣ የልጇን አሜን ጠበቀች። ብጣሽ ጫማዬን ልሰር ብላ ጎንበስ አለችና በዚያው አሳለፈችው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ስብከቱ አንድም ቃል ጆሮዋ አልገባም። በሐሳቧ ወፊቱን ደጋግማ አየቻት፤ ፊቷ ሲቀላ፣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያያት፣ አስተባባሪዋ ጋውኗን ስታስወልቃት። በተለይ የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ አየችው። ብድር በምድር ነው። ከዚያ የመባ ሰዓት ደረሰና መዘምራኑ እየዘመሩ ቅርጫት ይዘው በየረድፉ መውረድ ጀመሩ።

ወፊቱ ሁልጊዜ የግራውን ረድፍ ነው የምትወስደው፤ ብጣሽ ወደምትቀመጥበት ላለመምጣት። የዛሬው ድልድል ግን ሌላ ሆኖ ኖሮ በቀኝ በኩል መጣች። እየቀረበች፣ እየቀረበች ሄዳ መጨረሻው ወንበር ጋ ስትደርስ ቅርጫቱን ዘረጋች። ብጣሽን ቀና ብላ አላየቻትም። ዐይኗን ቅርጫቱ ላይ ተክላ መዝሙሩን ለወጉ ያህል ታነበንባለች፤ ያ የሚያምር ድምፅ የለም።

እናቷ በክርኗ ነካ አደረገቻት። ብጣሽ ፖስታውን ከቦርሳዋ አወጣችው። እጇን ዘረጋች። በቃ፣ መልቀቅ ብቻ ነው የቀራት።

ያኔ ነው እናቷ የጸለየችው ጸሎት ሳትጠራው የመጣባት። መጀመሪያ አንተ ቅመሰው። ምኑን ነው የሚቀምሰው? ሠላሳውን ቀን ስትነቃም ስትተኛም ያሰበችው ወፊቱን ነው፤ ቁልፍ ስትተክል ወፊቱን፣ ጠርዝ ስትዘመዝም ወፊቱን። አሁንም ይህንን ፖስታ ስትለቀው ዐይኗ የሚያየው የወፊቱን ፊት ነው። ገንዘቡ ቅርጫት ውስጥ ይገባ ይሆናል፤ የሚደርሰው ግን ለወፊቱ ነው። በኩራቷን በሙሉ፣ እናቷ ዳቦ እንኳ ሳትገዛበት ያለፈችውን፣ የምትጠላት ልጅ እግር ሥር ልታፈሰው ነው። ተናደደች። ይህንን እንኳ ወፊቱ ልትወስድባት ነው።

ፖስታውን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቅርጫቱ ትንሽ ቆይቶ አለፈ። እናቷ ፊቷን ወደ ፊት አዞረች፤ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ ነበር። ለጎረቤት ሁሉ ያወራች እናት ናት። ብጣሽ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ዛሬውኑ እሰጣለሁ እማዬ፤ መጀመሪያ አንድ ነገር አለብኝ» አለቻት። እናቷ አላመነቻት መሰል፣ አልዞረችም።

ሰዉ ሲበተን እናቷን በሩ ጋ ትታ ወደ አዳራሹ ጀርባ ዞረች። ወፊቱ ቧንቧው አጠገብ ብቻዋን ቆማ እጇን ትታጠባለች። ብጣሽን ስታይ ውኃውን ሳትዘጋ ቀረች።

«ሰላም» አለች ወፊቱ።

ብጣሽ ሰላም አላለቻትም። ፖስታውን ከፍታ ወረቀቱን ብቻ አወጣችና ሰጠቻት። አንብቢው አለቻት።

ወፊቱ እርጥብ እጇን በጋውኗ ጠርጋ ተቀበለቻት። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበችው፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ እንደገና ከላይ ጀመረች። ይህን ስታይ ብጣሽ ደስ አላት። ደስታዋን አልደበቀችም።

«ይኼ ዛሬ ሊነበብ ነበር?»

«በማይክ። እንደወረደ።»

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

ብጣሽ ፖስታውን ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

«ፖስታው ውስጥ ያለው የወር ደሞዜ ነው፤ የመጀመሪያዬ። ለእግዚአብሔር ነው ብዬ አንቺ ላይ ላጠፋው ነበር። አንቺ ያን ያህል አታወጪም።»

ወፊቱ ማልቀስ ጀመረች። ዱሮም ማልቀስ ትችልበታለች። ይቅርታ አድርጊልኝ አለች፤ ፈርታ እንደነበር፣ በየሳምንቱ ልናገር ነው ስትል ስምንት ወር እንዳለፈ፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደሌላት ተናገረች። ብጣሽ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ልቧ ትንሽ እንኳ እንዲለዝብ ፈልጋ ነበር፤ አልለዘበም።

«ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ገና ነኝ» አለቻት። «እናቴ ግን ባንቺ የተነሳ ሁለት ወር በእግሯ ሄዳለች። በሩ ጋ ቆማለች። የምትነግሪው ነገር ካለሽ ለእሷ ንገሪያት።»

ወፊቱ ወረቀቱን ምን ላድርገው አለቻት። ብጣሽ ያንቺ ነው አለችና ውኃውን ዘግታላት ሄደች።

ሽማግሌዎቹ መባውን የሚያስቀምጡባት ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ መስኮት አላት። ጋሽ እንደወረደ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን እያሹ ነበር። ብጣሽ ፖስታውን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ገልጠው አዩና ወረቀት እንደጎደለው ነገሯት፤ ምክንያት የሌለው ምስጋና የለም፣ ጻፊ ብለው እስክሪብቶ አቀበሏት።

ቆማ አሰበች። ስምንት ወር የተጠራቀመ ቃል ነበራት፤ ሁሉም አሁን ረጅም ሆኖ ታያት። «ሥራ ስላገኘሁ» ብላ ጻፈች።

«ይኼው ነው?» አሉ።

«ይኼው ነው ጋሼ።»

ተቀመጪ፣ ስምሽን መዝገቡ ላይ ልጻፍ፤ ምስጋናሽ የሚመጣው እሑድ ይነበባል አሏት። መስኮቱ የሚያሳየው በሩን ነው። እናቷ እዚያ እንደቆመች በዐይኗ ጠርዝ ታያት ነበር፤ አንድ ጋውን የለበሰ ሰውም በግቢው መሃል የሚራመድ መሰላት፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አልለየችውም። ወፊቱ መሆኗን፣ እናቷ ጋ መድረስ አለመድረሷን ዞራ ማየት ክፉኛ አማራት። ብጣሽ ግን ወንበሩን አዞረች፤ ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠችና ሽማግሌው ስሟን ጽፈው እስኪጨርሱ ጠበቀች።