ሰማንያ ቀን የሚባለው አካውንት

ጓደኛዬ ሲምቦ ልጇን ክርስትና እንዳነሳላት ቃል ገብታልኝ ነበር።

ከዚያ ለሌላ ጓደኛዋ፣ ለአይዳ ሰጠቻት።

ሰባት ዓመት ሙሉ ይሄ ነገር ከሆዴ አልወጣም። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ አይደል የምትነሳው... ማተቧን በእጄ ገምጄ ጨርሼ ነበር። ሦስት ቀን ሲቀረው ሲምቦ ደወለችና "የባሌ ቤተሰቦች አይዳ ትሁን አሉ" አለችኝ። እሺ አልኩ። ማተቡን ግን ለማንም አልሰጠሁም። መኪናዬ ዳሽቦርድ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት።

አሁን የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የማያምን አይመን፣ እኔ አልጨምርም አልቀንስም። በቀን ብርሃን ነው የሆነው። ባለፈው ጥር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሜፕልዉድ የሚባል ከተማ፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ።

እዚያ ሥራዬ አንዲት አሮጊት መንከባከብ ነው። ሺፍቴ ሲያልቅ መኪናዬን አስነስቼ፣ ሂተሩን ከፍቼ፣ የሲምቦን ላይቭ አያለሁ። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ራቅ ብሎ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ካለው ቤቷ ሹሩባ እየሠራች ላይቭ ትገባለች። ሰው ይወዳታል። አይዳ ከጎኗ ተቀምጣ ኮመንት ታነብላታለች።

ያ ቦታ የኔ ነበር።

እዚህ አገር የገባን ዓመት ለሁለታችን አንድ ካፖርት ነው የነበረን። እሷ ቀን ትሠራለች፣ እኔ ማታ። በር ላይ እየተቀባበልን ነበር የምንለብሰው። ያኔ አይዳ የት ነበረች?

ከገና በፊት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ስልኩን እያየሁ ለብቻዬ አጉረመረምኩ።

"ቃልሽን የበላሽ።"

ቲን... ቲን... ቲን...

የመኪናው የቀበቶ ደወል ነው። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ካላሰረ ይጮሃል። ቦርሳዬ ከብዶት ነው ብዬ ወደ ኋላ ወረወርኩት።

ደወሉ አላቆመም።

ወዲያው ላይቩ ላይ አንድ ኮመንት ወጣ። ፎቶ የለውም። ስሙ "ሰማንያ ቀን" ይላል።

"ቃልሽን የበላሽ።"

እኔ አልጻፍኩም። ስልኩ ፊት ለፊቴ ተሰክቷል፣ እጄ ጓንት ውስጥ ነው። የሲምቦ ፊት ሲጠቁር አየሁ...

እውነቱን ልንገራችሁ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ያ አካውንት በየቅዳሜው መጣ። እኔ መኪና ውስጥ የማጉረመርመውን እሱ ይጽፋል። የማላውቃቸው ሰዎችም እሱን ተከትለው መሳደብ ጀመሩ። አይዳ ብሎክ ታደርገዋለች፣ ተመልሶ ይመጣል። የምትከላከልላት እሷ መሆኗም አናደደኝ።

አንድ ረቡዕ ሲምቦ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ተዘግቷል።

"አዲሴ... ይሄ ሰው ያውቀኛል።"

"ተይው ባክሽ። የኢንተርኔት ወሬ ነው።"

"ሹሩባውን ልተወው ነው።"

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ብዬ?

"አይዳን አማክሪያት" አልኳትና ዘጋሁ።

ያቺ የጥር ቅዳሜ በረዶ ሲጥል ነው የዋለው። ዛሬ ቃል አልተነፍስም ብዬ ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ቲን... ቲን...

"ልጅቱ የኔ ናት" ብሎ ጻፈ።

ይሄን በአፌ ብዬው አላውቅም። አስቤው ግን አውቃለሁ።

ቀጥሎ አንድ ቃል ጻፈ።

"መጣሁ።"

ደወሉ ፀጥ አለ።

ስልኩ ላይ፣ ከሲምቦ ጀርባ፣ ወደ ጓሮ የሚያወጣው የመስታወት በር ይታያል። ከውጭ አንዲት ሴት ቆማለች። የለበሰችው የኔን ካፖርት ነው፣ ኪሱ የተቀደደውን። እኔ ለብሼዋለሁ እኮ... ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች፣ ትንፋሽዋ ግን መስታወቱን አላደበዘዘውም።

እጇ ላይ ማተብ ተንጠልጥሏል።

ዳሽቦርዱን ከፈትኩት። ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው የነበረው።

ውስጡ ባዶ ነው።

የሲምቦ ልጅ ኢብሲቱ ዞር ብላ አየች። እሷ የምታወራው በእንግሊዝኛ ነው። አክስት አዲስ ውጭ ቆማለች ብላ ተነሳች። የሲምቦ ፊት በራ፣ ስንት ሳምንት እንደዚያ ሲበራ አላየሁትም። ክፈቺላት፣ በረዶ ላይ ናት አለቻት።

ደወልኩ። ሲምቦ ስልኩን አየች። መስታወቱን አየች።

"አዲሴ... የት ነሽ?"

"ሜፕልዉድ። በሩን አትክፈቱ።"

"እያየሁሽ ነው እኮ።"

"እኔ አይደለሁም። ስሚኝ... ሰባት ዓመት ተቀይሜሻለሁ። ሲሰድቡሽ ደስ ብሎኝ አይቻለሁ። የሚጽፈው ሁሉ ከኔ ሆድ የወጣ ነው። ይቅር በይኝ።"

ኢብሲቱ የበሩን እጀታ ይዛለች።

"የኔም ጥፋት ነው" አለች ሲምቦ በሹክሹክታ። "ማተቡን እንደገመድሽው አውቅ ነበር... ኢብሲቱ፣ ነይ ወዲህ።"

ልጅቷ እጀታውን ለቀቀች።

መስታወቱ ላይ በረዶ ብቻ ቀረ።

ሲምቦ ቤት ድረስ እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። ጓሮዋ ውስጥ የእግር ዱካ አገኘሁ። ከግቢው መሃል ይጀምራል፣ በሩ ጋ ያልቃል። የሚመለስ ዱካ የለም። ጫማዬን አስገብቼ ለካሁት። ልክ ነው።

ማተቡ እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል። ያ ሁሉ በረዶ እየጣለ ደረቅ ነበር።

ሲምቦ በስስ ልብስ ወጥታ አቀፈችኝ። ካፖርቴን አውልቄ አለበስኳት። ከዚያ ይሄ ማተብ ቤት አያድርም፣ አሁኑኑ ቤተ ክርስቲያን እንውሰደው አለች። አይዳ ከልጅቷ ጋር ትቆይልን አለችኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ አልከፋኝም።

ሲምቦ ማተቡን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። መኪናውን አስነሳሁ።

ቲን... ቲን... ቲን...

"ቀበቶሽን እሰሪ።"

"አስሬያለሁ" አለች።

አየሁት። ታስሯል።

ቲን... ቲን...

እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩና ነዳሁ።