ላፕቶፑ ጢዝዝ ያለ ሰሞን

ልጅቷ ድምፅ አላት። ሌላው ቢቀር ይህን ማንም አይክዳትም። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍት እያነበበች በላፕቶፗ ስለምትቀዳ ሰፈሩ «አንባቢዋ» ይላታል። ታዲያ አንድ ሰሞን የቀዳችው ሁሉ ከትምህርት ቤቱ ተመለሰባት። ከድምፅሽ ሥር የሆነ ነገር ጢዝዝ ይላል፣ ተማሪዎቹ ታሪኩን ትተው ንብ ሲፈልጉ ዋሉ፣ አሏት።

ላፕቶፑን ታቅፋ ጥገና ቤት ሄደች። ጠጋኙ ለቃል የሚሳሳ፣ በጣቶቹ የሚያወራ ወጣት ነው። ቻርጀሩን ሰካ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገና የሆነ ነገር እንድታነብ ጠየቃት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «ያለ ደረሰኝ ዕቃ አንመልስም» የሚል ማስታወቂያ አነበበችለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት። ሲገልጠው ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ሁለቱም ቶሎ ወደ ላፕቶፑ አቀረቀሩ።

«ምንም የለውም» አለ።

ቤት ስትወስደው ጢዝዝ። ጥገና ቤት ስትመልሰው ጸጥ። በሁለተኛው ጊዜ የድምፁን ፕሮግራም እንደገና ጫነላት። በሦስተኛው ማይክሮፎኑን ቀየረላት። በአራተኛው ምንም ሳይነካው አንድ ሙሉ ምዕራፍ አስነበባት። የሚያዳምጠው ላፕቶፑን ይሁን ልጅቷን ለመለየት ብዙ መማር አያስፈልግም። እሷም ብትሆን በአራተኛው ቀን ፀጉሯን ተሠርታ ነው የሄደችው፤ ለማይክሮፎን ፀጉር ምን ያደርግለታል?

ቤት ውስጥ ግን አባቷ ፊታቸውን አጥቁረው ጠበቋት። አርባ ዓመት በየሰዉ ቤት የመብራት ሽቦ ሲዘረጉ የኖሩ ናቸው፤ የሚኖሩበትን ቤት ሽቦም የዘረጉት ራሳቸው ናቸው። አንዲት ጢዝዝታ ማግኘት ያቃተው ጠጋኝ ወይ አይችልም፣ ወይ ሆን ብሎ እያመላለሰሽ ነው አሉ። ሁለተኛ ወሬው እዚህ ቤት እንዳይነሳ ብለው ዘጉት።

በማግሥቱ ሄደች። ጠጋኙ ሲያስብ ያደረ ይመስላል። ቤታችሁ ቻርጀሩ እንደተሰካ የላፕቶፑን ብረት ስትነኪው ጣትሽን ይነዝርሻል ወይ አላት። ሁልጊዜ ይነዝራታል። ቻርጀሩን ነቅላ ቀድታ ታውቅ እንደሆነም ጠየቃት። ባትሪው አርጅቶ አምስት ደቂቃ ስለማይቆይ ሞክራው አታውቅም።

«ጥፋቱ የላፕቶፑ አይደለም» አለ። «የቤታችሁ ሽቦ ከመሬት ጋር አልተያያዘም። ወደ መሬት መውረድ የነበረበት ኤሌክትሪክ መውጫ ሲያጣ ድምፅሽ ውስጥ ይገባል።»

ክው አለች። ይህንን ለአባቷ ማን ይነግራል? «አንድ ዕቃ ቀየርኩለት፣ ዳነ በለው» ብላ ለመነችው። «እኔ እዚህ እየመጣሁ እቀዳለሁ። አባዬም ይወድሃል።»

«በውሸት?»

«በምንም ይሁን፣ ብቻ ይውደድህ።»

«አልችልም። ደግሞም ኤሌክትሪኩ አንድ ቀን ሰው ይይዛል።»

ተናዳ ወጣች። መንገዱን ሙሉ በሆዷ ስትሰድበው ሄደች፤ ደረቅ አለችው፣ ግትር አለችው። በራቸው ላይ ስትደርስ ስድቡ አለቀባት። ለመወደድ ብሎ የማይዋሽ ሰው የት ታገኛለች? ስልኳን አወጣችና እሁድ ከሰዓት ቤት እንዲመጣ ነገረችው።

መጣ። ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ፣ «ጋሼ፣ የመሬት ሽቦው አልተያያዘም» አላቸው።

«የማን ሽቦ?»

«የእርስዎ።»

«ውጣ ከቤቴ።»

አልወጣም። ላብ ላብ እያለው ባለበት ቆመ። አንባቢዋ ዋናውን ማጥፊያ አጠፋች፣ የአባቷን ካቻቢቴ አንስታ የመብራት ሳጥኑን ክዳን ፈታችው፤ የማን ልጅ ናትና። ከየሶኬቱ የመጡት አረንጓዴና ቢጫ የመሬት ሽቦዎች አንድ ላይ ተጠምዝዘው፣ ጫፋቸው በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ የትም ሳይደርሱ ታጥፈው ተቀምጠዋል።

እናቷ ከጓዳ ብቅ ብለው ሽቦዎቹን አዩ።

«እሷ የተወለደች ዕለት ነው» አሉ ባላቸውን እያዩ። «ምጡ ሲመጣብኝ ሥራውን እንዳለ ትተህ ይዘኸኝ ሮጥክ። ነገ እጨርሰዋለሁ ብለህ ነበር።»

አባቷ ሽቦውን ሃያ ስድስት ዓመት እንደጠፋ ዘመድ አዩት።

«ሥራህን ሠርተሃል» አሉት ጠጋኙን፣ ቀና ብለው ሳያዩት። «አሁን ሂድ።»

«አይሄድም፣ አባዬ» አለች አንባቢዋ። ያቺ በመጽሐፍ እንጂ በቤት የማትሰማ ድምጿ ሳሎኑን ሞላችው። «የጠራሁት ለሽቦ ብቻ አይደለም። ላገባው ነው። ብትቆጣም ላገባው ነው፤ ባትቆጣ ግን ደስ ይለኛል።»

ጠጋኙ ወሬውን ከሌላው ጋር እኩል ነው የሰማው።

«አንተስ?» አሉት አባቷ።

«እኔም ለሽቦው ብቻ አልመጣሁም፣ ጋሼ።»

ሰውዬው ወደ ጓሮ ወጡ። ሁሉም ተቆጥተው የሄዱ መስሏቸው ነበር፤ አካፋና አንድ ረጅም የመዳብ ዘንግ ይዘው ተመለሱ። ይህ መሬት ውስጥ መግባት አለበት፣ ጉድጓዱ ከደረት በላይ ይሁን ብለው የግቢውን ጥግ አሳዩት።

ቆፈረ። ጎረቤቱ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ፣ መብራት ነው ወይስ ሽምግልና እያለ ተንሾካሾከ። አባቷ አጠገቡ ቆመው ጠበበ፣ ጠመመ፣ እንዲህ አይያዝም እያሉ መከራውን አበሉት። አንባቢዋ ጫማዋን አውልቃ አፈሩን በባልዲ ታወጣለች፤ ባልዲውን በተቀባበሉ ቁጥር ጣታቸው ከሚገባው በላይ ይዘገያል። አባቷ ይህንንም አዩና ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

ከዚያ ሰውዬው ብቻቸውን ወደ ቤት ገቡ። ውሃ ካሉበት የሚመጣላቸው፣ ብርጭቆ አንስተው የማያውቁት ሰው፣ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ በገዛ እጃቸው ይዘው እያንጠባጠቡ ወጡ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ጠጣ» አሉት። «ገና ግማሽ ሜትር ይቀርሃል።»