ይግባ ወይስ አይግባ

ታመነ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። መነጽሩን ከኪቦርዱ ጎን አኑሮ፣ ግንባሩን ክንዱ ላይ አሳርፎ፣ ለአፍታ ሸለብ ያደረገው ሰው ይመስል ነበር። ኢንስፔክተር ኣረጋሽ ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ቆማ አየችው።

ቤቱ ከሮማናት አደባባይ እምብዛም አይርቅም። ለልብስ ፋብሪካዎች የልብስ ንድፍ በኮምፒውተር የሚሠራበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሲሆን፣ ታመነ የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ ነበር። ከደብረ ብርሃን መጥቶ መቐለ የከረመ ዝምተኛ ሰው ነው። ሰርቨሩ ያለበት የምድር ቤት ክፍሉ መስኮት የለውም። ከጀርባው በቆርቆሮ መጠለያ ሥር ጄኔሬተሩ ተቀምጧል፤ ለገመድ ተብሎ በግድግዳው የተበሳው ቀዳዳም ከጄኔሬተሩ የጭስ ቱቦ ጎን ይገኛል። ሰውየውን የገደለው በዚያ ቀዳዳ የገባ ጭስ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ምርምር አላስፈለገም። ያስቸገረው ሰዓቱ ነው።

«ክፍሉ እንደ ምድጃ ግሏል» አለ ሐኪሙ። «ከቀትር ወዲህ ነው ከማለት ሌላ አልደፍርም።»

ኣረጋሽ ጠረጴዛውን በዓይኗ ዳሰሰችው። ምሳ ዕቃው ክዳኑ እንደተገጠመ ነው፤ ስትከፍተው ሽሮና ጎመን በእንጀራ፣ ማንም አልነካውም። ስክሪኑ እንደበራ ነበር። የፊት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ ሞልታው ትስቃለች፤ የታመነ ልጅ መሆኗን ከዓይኗ ማወቅ ይቻላል። በሳቋ መሀል ግን አንዲት ሳጥን ተደንቅራለች፦ «ሰው ሊገባ ነው። ይግባ?» ከሥሯ ሁለት ቁልፎች፣ «ይግባ» እና «አይግባ»።

«ይህን ፎቶ አንሱት። ማንም እንዳይነካው» አለች።

ግቢው ውስጥ የጄኔሬተሩ ጠባቂ ኢስሃቅ እጁ በካቴና ታስሮ ቆሟል። ከወሎ መጥቶ በቀን ሥራ ሲንከራተት ቆይቶ፣ እዚህ ቋሚ እንጀራ ያገኘ ሰው ነው። ወፍራም የቆዳ ጓንቱ ከኪሱ ወጥቶ ይንጠለጠላል።

«ቱቦውን ነክቻለሁ ብሎ አምኗል» አለ ሳጅኑ።

«እሱ ይንገረኝ።»

«ከጁምዓ ስመለስ ቱቦው ወልቆ ወደ ግድግዳው ዞሮ አገኘሁት» አለ ኢስሃቅ። «ንዝረቱ ያወለቀው መስሎኝ መልሼ በሽቦ አሰርኩት። ወላሂ ሌላ አላውቅም።»

«ውስጡን ለምን አላየህም?»

«አርብ አይደል? ጋሽ ታመነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ሌላው ምሳ ሲወጣ እሱ በሩን ዘግቶ ጋደም ይላል። አንዴ ብቀሰቅሰው ‘የጾመ ሸዌና የተኛ እባብ አይነካም’ ብሎ አባረረኝ።» ፈገግታ ከፊቱ ላይ ብቅ ብሎ ወዲያው ጠፋ። «መብራት መጥቶ ጄኔሬተሩን ሳጠፋ ነው ያንኳኳሁት። ዝም ሲለኝ ከፈትኩ።»

ሳጅኑ ኣረጋሽን ወደ ጎን ወሰዳት። «ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ላይ ፎቅ ስብሰባ ነበር። ታመነ ከታች ሆኖ በስክሪን ሲጽፍላቸው ሦስት ሰው አይቶታል። እንግዲህ ይህ ሰውዬ ከመስጊድ ከተመለሰ በኋላ ታመነ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ያኔ ደግሞ ጓሮ ውስጥ ከእሱ ሌላ ማንም የለም። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ አለቀ።»

በሩ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነጠላዋን ጨብጣ ቆማለች፤ የኢስሃቅ ሚስት ዘሃራ ናት።

«እትዬ፣ ባሌ ሰው አይገድልም» አለች። «እነዚህ ሰዎች ግን ፈርደው ጨርሰዋል። ‘ድሮም መጤ’ ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ጠዋት ቂጣ የሰጠችኝ ጎረቤቴ እንኳ አሁን ሳልፍ ፊቷን አዞረች።»

«እኔ ገና አልፈረድኩም፣ ሓፍተይ። ሂጂ፣ ዐረፍ በይ።»

ኣረጋሽ ይህን ብትልም ልቧ አልተረጋጋም። ሰኞ ሩቅ አይደለም። ያ ያልተነካ ምሳ ግን ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

በማግስቱ ጠዋት የድርጅቱ ባለቤት አቶ ገብረሕይወት በረንዳ ድረስ ወጥቶ ተቀበላት።

«ከመይ ሓዲርኪ? ነገሩ አላለቀም እንዴ?»

«ለሚቸኩል ሰው አልቋል። ስለ ስብሰባው ይንገሩኝ።»

«መብራት በፈረቃ ጠፍቶ ነው የዋለው። በጄኔሬተር ስንሠራ ታመነ ከማሽኖቹ አይለይም፤ የአርብ ስብሰባን በስክሪን ነው የሚከታተለው። የሱን ስክሪን ንድፍ ሠሪው ሔሩይ በላፕቶፑ አገናኝቶ ግድግዳው ላይ ያሳየናል። የእኛን ጥያቄ ሔሩይ በላፕቶፑ ይጽፋል፤ መልሱ ከታች ከታመነ ይመጣል።»

«ትናንት ምን ተባለ?»

ገብረሕይወት ጉሮሮውን ጠረገ። «ረቡዕ ዕለት ‘የሸዋወርቅ ኮምፒውተር ውስጥ ሰው እየገባ ንድፏን ያያል፤ ማን እንደሆነ አርብ እናገራለሁ’ ብሎን ነበር። ትናንት ግን ‘ተሳስቻለሁ፣ የማሽኑ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ’ ብሎ ጻፈ። እኔም ደስ አለኝ። ዕለቱ የንድፍ ኃላፊ የምሾምበት ነበር፤ ከሔሩይና ከሸዋወርቅ አንዱን።»

«ማንን ሾሙ?»

«ሔሩይን። ንድፎቹ ቀድመው ይደርሱኛል፤ ሥራውም ያምራል።»

ሸዋወርቅ ዓይኗ አብጦ ነበር። ኣረጋሽ ሻይ አስመጣችላትና እስክትረጋጋ ጠበቀቻት።

«ታመነ ይቅርታ ሲጠይቅ አመንሽው?»

«አፈርኩበት። ረቡዕ ሁሉም ማሽን ላይ ጥያቄ የሚያቀርብ ነገር አደረገ፤ ሰው ሊገባ ሲል ባለቤቱን ‘ይግባ?’ ብሎ ይጠይቃል። ለማንም እንዳልናገር ብሎ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው እንዴት በሁለት ቀን ‘ተሳስቻለሁ’ ይላል?»

«ግድግዳው ላይ ያየሽው ስክሪን ምን ይመስል ነበር?»

«አመድ የመሰለ ባዶ ነገር፤ መሀሉ ላይ ጽሑፉ ብቻ። ሌላ አርብ ልጁ ስትስቅ ነበር የምናየው። እንዲያውም ጋሽ ገብረሕይወት ‘ስብሰባውን የምትመራው እቺ ጥርሰ ወላቃ ናት’ እያሉ ይቀልዱ ነበር።» እንባዋን ጠረገች። «ደግሞ መስመሩ ደካማ ነበር። ጋሼ ‘ሔሩይ፣ ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ፣ መጋረጃውን ሳበው’ ሲሉት የታመነ ጽሑፍ ዐረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ቆመ። ሔሩይ ተመልሶ ሲቀመጥ ቀጠለ።»

ኣረጋሽ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ሕራይ» አለች ለራሷ፣ እሺ እንደማለት።

ሔሩይን ደረጃው ሥር አገኘችው። እጇን ስትዘረጋ በግራ እጁ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ የቀኙን አንጓ አቀበላት።

«ይቅርታ፣ እጄ እርጥብ ነው።»

«ኮምፒውተር አላውቅም፤ እንደ ልጅ አስረዳኝ። የአንዱ ስክሪን ሌላው ጋ እንዴት ይሄዳል?»

ሔሩይ ማስረዳት የሚወድ ሰው ነው። «ስክሪኑ ላይ በሚከፈት ጥቁር መስኮት ትእዛዝ ይጽፋሉ፤ የማጋሪያው ሰርቨር፣ ማለትም ስክሪን የሚያጋራው ፕሮግራም፣ ይነሳል። ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስክሪን እንዳለ ያጋራል። ሌላው አዲስ ባዶ ስክሪን ይፈጥራል፤ እሱ ከማሽኑ ጋር የተገናኘ ሰው እንጂ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ሰው አያየውም።»

«የመንገድ ሰው ሊገባበት ይችላል?»

«በፍጹም። ታመነ ሰርቨሩን ከራሱ ከማሽኑ ውስጥ ካልሆነ በቀር ማንንም እንዳይቀበል አድርጎ ነው ያሰናዳው። መጀመሪያ በፓስዎርድ ወደ ማሽኑ መግባት ያስፈልጋል።»

«ፓስዎርዱን የሚያውቀው ማን ነው?»

«እሱ።» ላፕቶፑን ይበልጥ አቀፈ። «እኔም። ግን ስብሰባው ላይ ከሁሉም ጋር ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ይህን ያልነገረኝ ሰው የለም።»

ከሰዓት በኋላ ኣረጋሽ ሁሉንም የስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ገብረሕይወት በተለመደው ወንበሩ፣ ሸዋወርቅ መስኮቱ ሥር፣ ሔሩይ ከላፕቶፑ ኋላ። ኢስሃቅን ሳጅኑ ከነካቴናው አምጥቶ በሩ አጠገብ አስቀመጠው፤ ዘሃራ ከውጭ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ነገሩን ከምሳ ዕቃው ልጀምር» አለች ኣረጋሽ። «ታመነ አርብ ከንጋት ጀምሮ እህል አይቀምስም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ይበላል። እናንተ ያ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲጽፍ አያችሁት። ምሳው ክርኑ ሥር ነው፤ ክዳኑን እንኳ አላነሳም።»

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለ ገብረሕይወት።

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። በኋላ ስክሪኑን አሰብኩት። ሌላ አርብ ግድግዳው ላይ የምታዩት የልጁን ሳቅ ነው። ትናንት ያያችሁት አመድ የመሰለ ባዶ ነገር ነው። ሔሩይ እንዳስረዳኝ ይህ አዲስ የተፈጠረ ስክሪን ነው።»

«ታመነ ራሱ ከፍቶት ሊሆን ይችላላ!» አለ ሔሩይ ፈጠን ብሎ።

«በየት በኩል እያየው ይጽፍበታል? እዚያ የተቀመጠ ሰው አያየውም ያልከኝ አንተ ነህ። እፊቱ ያለው ስክሪን ላይ ልጁና አንዲት ጥያቄ ብቻ አሉ፦ ‘ሰው ሊገባ ነው፤ ይግባ?’»

ሔሩይ ቀና አለ። «ምን ጥያቄ?»

ሸዋወርቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አየህ፣ ሔሩይ፣ ጥያቄው የሚታየው ለተጠያቂው ብቻ ነው። አንተ እንደ ልማድህ መጀመሪያ እውነተኛውን ስክሪን ልታመጣ ሞከርክ፤ አልከፈት አለህ። ለምን እንደሆነ ግን አላወቅህም፤ ታመነ ረቡዕ ያደረገውን አልነገረህማ። መውጫ ስታጣ ባዶውን ፈጠርክ። ታመነ ነቅቶ አንዲት መስመር እንኳ ቢጽፍ ኖሮ ያቺ ሳጥን እፊቱ ናት፤ አንዱን ቁልፍ ይነካ ነበር። አልነካም። ያኔ ሞቷል። የሞተውም በምሳ ሰዓት፣ ቱቦው በወለቀ ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ኢስሃቅ መስጊድ ነበር፤ አብረውት የሰገዱት ሰዎች ዛሬ ጠዋት ነግረውኛል።»

ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ።

«ታዲያ ጽሑፉን ማን ጻፈው?» አለ ገብረሕይወት።

«መጋረጃውን የሳበው ሰው። ሔሩይ ሲነሳ ጽሑፉ መሀል ላይ ቆመ፤ ሲቀመጥ ቀጠለ። ጥያቄውንም መልሱንም የሚጽፉት እነዚያው ጣቶች ነበሩ። ሲተይብ ማንም አልተጠራጠረውም፤ እንዲተይብ ያዘዛችሁት እናንተ ናችሁና።»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው» አለ ሔሩይ።

ኣረጋሽ ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና እጇን ዘረጋችለት። «እንግዲያስ ጨብጠኝና እንለያይ።»

ሔሩይ ሳያስበው አንጓውን አቀበላት።

«ጠዋት እርጥብ ነበር። አሁንስ ምን ሆነ?»

ሳጅኑ ነው መዳፉን የገለበጠው። ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ማዶ ድረስ ቁስል እንደ ቀበቶ ተጋድሟል፤ ውኃ የቋጠረው ቆዳ ተልጧል።

«ጄኔሬተሩ እየሠራ ያን ቱቦ ያለ ጓንት የያዘ ሰው» አለ ኢስሃቅ ከበሩ አጠገብ በዝግታ፣ «እንዲህ ነው የሚሆነው። ጓንቱን እኔ መስጊድ ይዤው ሄጄ ነበር።»

ሔሩይ መዳፉን አልሸሸገም።

«ታመነ ሐሙስ ጠራኝ» አለ። «‘ንድፏን የምትወስደው አንተ ነህ። አንተው ንገራቸው፤ እኔ ሰው አላዋርድም’ አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስብሰባው እስኪያልፍ ድረስ... እንዲደነዝዝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።»

«ሰው እንዲደነዝዝ ብቻ የፈለገ፣ በስሙ ይቅርታ አይጽፍም» አለች ኣረጋሽ።

ሸዋወርቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወጥቶ በሌላው ላይ ገባ። ሔሩይን ሲያወርዱት ገብረሕይወት ተነስቶ ወደ ኢስሃቅ ሄደ፤ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ነበር።

«ኢስሃቅ ወደይ፣ ልጄ፣ እንግዲህ ያለፈው አለፈ። ሰኞ ሥራህ ላይ ና።»

ኢስሃቅ የተፋቀ አንጓውን እያሻሸ አየው። «ጋሼ፣ ትናንት ሲወስዱኝ እርስዎ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ‘አድርገኸዋል ወይ?’ ብለው እንኳ አልጠየቁኝም።»

ኢስሃቅ ጓንቱንና የመጠለያውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ወዴት ልትሄድ ነው?» አለች ሸዋወርቅ።

«ልጄ ስትወለድ ሰላም የሚላት ጎረቤት ወዳለበት።»

ዘሃራ ክንዱን ይዛው ደረጃውን ወረዱ፤ በግቢው በር ሲያልፉ ቆመው የሚያዩት ሰዎች መንገድ ለቀቁላቸው። ሰላም ያላቸው ግን አልነበረም። ኣረጋሽ ከመስኮቱ ሆና ይህን አየች፤ ነጻ ያወጣችው ሰው እንደ ተሸናፊ እየሄደ ነበር።

ወደ ምድር ቤት ወረደች። ፎቶ አንሺው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ክፍሉ ባዶ ነው፤ ስክሪኑ ብቻ እንደበራ አለ። ልጅቷ ጥርሰ ወላቃ ሳቋን ትስቃለች፣ ጥያቄውም መሀል ላይ ቆሞ መልስ ይጠብቃል።

ኣረጋሽ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። ጎንበስ ብላ ማውሱን ያዘች፤ በታመነ ፈንታ «አይግባ» የሚለውን ተጫነች፤ ሳጥኗም ጠፋች።