የአዛዡ ጭራና የጋጋሪዋ ክንድ

ንግሥቲቱ በነገሠች በዘጠነኛው ዓመት፥ ዝናብ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፥ ሰኞ ጧት በቤተ መንግሥቱ ገበታ ላይ በተቆረሰ ዳቦ ቅርፊት ላይ አንድ ጸጉር ተገኘ። ጸጉሩ ነጭ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፤ ከስንዝር በሁለት ጣት ይረዝማል። የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉት ሰዎች ስለ ጦርነቱ፥ ስለ ድንበሩና ስለ ድልድዩ ብዙ ቀለም ጨርሰዋል፤ ስለዚህ ጸጉር ግን አንድ መስመር አልጻፉም፤ እኔም የምጽፈው ተናድጄ ነው።

ዳቦ ቤቱ ከግቢው ጀርባ፥ ከእንጨት መጋዘኑ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የቆመ፥ ጣሪያው በጥላሸት የጠቆረ ረጅም ክፍል ነበር። ስድስት ሴቶች ይሠሩበታል፤ አለቃቸው አርባ ዓመት የሞላት፥ አብራት የምትሠራው ታናሽ እህቷ «እታለም» ስለምትላት ግቢው ሁሉ እታለም ብሎ የሚጠራት ጋጋሪ ነበረች። ምድጃውን ከእናቷ ተረክባ ሃያ ሁለት ዓመት አገልግላበታለች። ሙቀት የሚለካ መሣሪያ በዚያ ዘመን በሐኪም ሣጥን ውስጥ እንኳ ብርቅ ነበርና የእሷ መለኪያ ቀኝ ክንዷ ነው፤ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ወደ ምድጃው አፍ ታስገባለች፤ የክንዷ ጸጉር ተኝቶ ከቀረ እንጨት ይጨመራል፤ ጫፉ ተጠቅልሎ ከሸተተ ፍሙ ይጠረጋል፤ ሳይሸት ቆም ካለ ሊጡ ይገባል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ያረረ ዳቦ ከእጇ አልወጣም።

ዳቦው ወደ ገበታ ከመሄዱ በፊት የሚመረምረው የግቢው አዛዥ ነው። አዛዡ ከእጁ የማይለይ፥ እጀታው ብር የለበሰ ነጭ የፈረስ ጭራ ነበረው፤ ዝንብ ኖረም አልኖረም በየቅርጫቱ ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ያወዛውዘዋል። ጭራው አርጅቶ ጸጉሩ እንደሚረግፍ የማያውቅ የግቢ ሰው አልነበረም። የሚናገር ግን የለም፤ ጭራው የሹመቱ ምልክት ነዋ!

ያን ሰኞ አዛዡ ጸጉሩን በመሐረብ ይዞ ዳቦ ቤት ድረስ ወረደ።

«ይህ የጋጋሪ ክንድ ጸጉር ነው» አለ።

«ጌታዬ፥ ይቅርታዎን፥ ይህ እኮ ከስንዝር ያልፋል» አለች እታለም። «የኔን ይዩት፤ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ደግሞም ጥቁር ነው።»

«ታዲያ ከየት መጣ ልትዪ ነው?»

ዓይኗ ወደ ጭራው ሄደ። እህቷ ከኋላ ቀሚሷን ጎተተቻት።

«እንጃ ጌታዬ።»

ያቺ «እንጃ» እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ቆጭታታለች።

አዛዡም በዚያው ቆሞ ትእዛዝ ሰጠ፤ የጎረቤቱ ንጉሥ መልእክተኞች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለግብዣ ይመጣሉና፥ የዳቦ ቤት ሴቶች ሁሉ እስከ ዋዜማው የክንዳቸውን ጸጉር ያስወግዱ፤ እምቢ ያለች ከግቢ ትውጣ። በምን እንደሚያስወግዱት መምረጥ የእነሱ ፈንታ ነው አለ፤ ለዚህ ቸርነቱም ምስጋና ጠብቆ ጥቂት ቆመ።

ምሳ ሰዓት ላይ እህትማማቾቹ በቡኮው ገንዳ ጫፍ ተቀምጠው ተማከሩ።

«ስኳር በሎሚ አፍልተሽ ተቀቢው፤ ሲደርቅ ከሥሩ ነቅሎ ወር ሙሉ ያሳርፍሻል» አለች ታናሽዮዋ።

«ወር ሙሉ በምን ልጋግር? በአፍንጫዬ?»

«በሻካራ ድንጋይስ ብትፈትጊው?»

«ክንዴን ልጬ ጨው ያለበት ሊጥ ውስጥ ልንከረው? አንቺ ለመሆኑ የኔ እህት ነሽ የሱ?»

«መድኃኒት ቀማሚው በኖራ የሚሠራው ቅባትም አለ።»

«ኖራ ግድግዳ ይቀባበታል፥ የኔ እመቤት።» ሳቁ፤ ወዲያው ግን እታለም ክንዷን አገላብጣ አየች። «ምላጭ ይሻለኛል» አለች በመጨረሻ። «ምላጭ ሥሩን አይነካም። ዛሬውኑ ከተላጨሁ በግብዣው ቀን በቅሎ ይጠብቀኛል። ሰውየውም መላጨቴን ይሰማል፤ እኔም ምድጃዬን አላጣም።»

የግቢው ጢም ላጭ እየተሳለቀ ላጫት፤ «ይህን ያህል ሰፊ አገጭ ገጥሞኝ አያውቅም» አላት። ሌሎቹ ስኳሩን መረጡ።

በግብዣው ዋዜማ አዛዡ ሴቶቹን አሰልፎ ክንዳቸውን በመሐረቡ እየዳበሰ አለፈ። እታለም ጋ ሲደርስ ዳግም የበቀለው ጸጉር መሐረቡን ያዝ አደረገው።

«ይህ ብሩሽ ነው እንጂ ክንድ ነው? በትእዛዜ ትቀልጃለሽ?»

«ጌታዬ፥ ተላጭቻለሁ፤ በቅሎብኝ ነው። ቀኙን ብቻ ይተዉልኝ፤ እሳቱን የምለካበት ነው።»

«ቅባቱን አምጡ!»

መድኃኒት ቀማሚው ኖራውን ከቢጫ ዱቄት ጋር አላቁጦ አመጣና በሁለቱም ክንዶቿ ላይ ለቀለቀው። «ሁለት መቶ እስኪቆጠር ብቻ ነው ጌታዬ፤ ከዚያ ፈጥኖ መታጠብ አለበት» አለ። በግቢው ሕግ ግን አዛዡ በሚናገርበት ጊዜ ማንም አይንቀሳቀስም፤ ጽዋ ያነሣ እንዳነሣ፥ የጎነበሰ እንደጎነበሰ ይቆያል። አዛዡም ስለ ንጽሕና መናገር ጀመረ። የቀማሚው ከንፈር ሲቆጥር ይታይ ነበር፤ ሁለት መቶ ላይ ቆመ፤ ቀማሚው ዓይኑን ወደ ወለሉ ሰበረ። አዛዡ ስለ አባቱ ቤት ንጽሕና ተናገረ፤ ስለ ባሕር ማዶ ሰዎች ንጽሕና ተናገረ፤ ስለ ራሱም ተናገረ። እህቷ የውሃውን እንስራ ታቅፋ በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነበረች። አንድ እርምጃ! ከዚያ ሁሉ ሰው ያችን አንዲት እርምጃ የሚራመድ መጥፋቱ እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። እታለም ከንፈሯን ነክሳ ቆመች፤ ንግግሩ አልቆ ውሃው ሲፈስባት ቆዳዋ ከቅባቱ ጋር አብሮ ወረደ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁለት ክንዶቿን በጨርቅ አስጠቅልላ ከምድጃው ፊት ቆመች። እህቷ የራሷን ክንድ አስገባች፤ ስኳሩ አራቁቶት ነበርና ማቃጠሉን እንጂ ልኩን ሊነግራት አልቻለም። እታለም ገፋ አደረገቻትና ፊቷን ወደ ምድጃው አፍ አስጠጋች፤ ቅንድቧ እስኪሸት ጠብቃ «ጥረጊው» አለች፤ ትንሽ ቆይታም «አሁን አስገቢ» አለች። ዳቦው እንደ ወትሮው ወርቅ መስሎ ወጣ። አዛዡ መጥቶ በየቅርጫቱ ላይ ጭራውን ሦስት ሦስት ጊዜ አወዛወዘ።

በግብዣው አዳራሽ፥ መልእክተኞቹ በንግሥቲቱ ቀኝ ተቀምጠው ሳለ፥ የመጀመሪያው ዳቦ ተቆረሰ፤ ከቅርፊቱ ላይ ነጭ ጸጉር ተንጠለጠለ። አዛዡ ጋጋሪዋ እንድትቀርብ ጮኸ። እታለም ቀረበች፤ እጅ ነሥታም ጨርቁን በጥርሷ ፈታ ጣለችው።

«ግርማዊት ሆይ፥ የስድስታችንም ክንድ ጸጉር የለውም፤ የኔማ ቆዳም የለው! ይህ ነጭ ጸጉር የማን እንደሆነ፥ በእጁ ይዞት የቆመውን ይጠይቁልኝ።»

ንግሥቲቱ ክንዷን አየች። ቀጥላ ጭራውን አየች፤ ቆይታ ነው ያየችው፤ ገባት። ከዚያ መልእክተኞቹን አየች።

«እንግዳ ፊት ነን» አለች፤ «ይህችን ሴት አስወጧት።»

እታለም በእንግዳ ፊት ድምፅ አሰምታለች ተብላ ከግቢ ተባረረች። ክንዷ ቁስሉ ሲድን እንደ ሰም አበራ፤ ጸጉር አልበቀለበትም፤ ሙቀትና ብርድም አልለይ አለው። ከተማ ወርዳ የገባችበት ዳቦ ቤት ሊጥ እንድታቦካ አደረጋት እንጂ ምድጃ አላስጠጋትም። ከተባረረች በዘጠነኛው ዓመት የሞተችውም እዚያው ቡኮ ገንዳ አጠገብ ነው።

የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ስለዚያ ዓመት ሲያትት «የማዕድ ቤቱ ንጽሕና በአዛዡ ትጋት ተስተካከለ» ይላል። ስለ ጋጋሪዋ አንድ ቃል የለውም። ጭራው በሙዚየም ውስጥ፥ በመስተዋት ሣጥን፥ በቀይ ከፋይ ላይ ተኝቶ ይታያል፤ ዝንብ እንዳያርፍበትም ዘበኛ ቆሞለታል።