ሰው ሁሉ ሲቆም

ቅዳሜ ጠዋት ዊላዲን ምግብ ቤት የገባ ሰው፣ ሮይስ ኮምብስ በዚያ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ሁለቱን ውርወራ ለምን እንደሳተ ሳይሰማ አይወጣም። ነገሩ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የተጫወቱት ልጆች ሸምግለዋል፣ አሰልጣኙ ሞቷል፣ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዱ ተዘግቷል። ጥያቄው ግን በየሳምንቱ ከበቆሎ ዳቦውና ከባቄላው ጋር ትኩስ ሆኖ ይቀርባል።

አቅራቢው አጎቴ ሆባርት ነው። የዊላዲን አጎት አይደለም፤ የማንም አጎት አይደለም፤ አገሩ ሁሉ እንዲያ ይለዋል። በር የሚሞላ ሰው ነው፤ ሲቀመጥ ወንበሩ ያቃስታል።

«ከአሥር ዘጠኙን የሚያስገባ ልጅ» ይላል ሹካውን አንስቶ። «አንዷን ቢስት እሺ። ሁለቱንም?»

ከዚያ ጠረጴዛው ይንጫጫል። አንዱ ጉልበቱን አሞት ነበር ይላል፣ አንዱ ፈርቶ ነው ይላል። አንድ ጊዜ አንዱ ጉቦ በልቶ ይሆናል ቢል ዊላዲን የቡናውን ማንቆርቆሪያ ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እዚህ ቤት ጉቦ የሚል ቃል ያነሳ ሰው፣ ቁርሱን ውጪ በረዶው ላይ ይብላ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ዊላዲን ግትር መሆኗን ያውቃሉ። ግትርነቷ ከየት እንደሚነሳ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ከገንዘብ መቀበያው በላይ የከተማው ኮሌጅ ቡድን የአምስቱ ልጆች ፎቶ ተሰቅሏል። አሰልጣኙ በአንድ ክረምት ነበር የሰበሰባቸው። ኮሌጁ ኮረብታ ላይ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ትልልቆቹ መርጠው የተረፋቸውን ነበር የሚለቅመው። ያን ዓመት ግን ሦስቱ ከዚሁ ከኬንታኪ ተራራ፣ አንዱ ከቴነሲ፣ ዴሜትሪ የሚባለው ደግሞ ከሉዊቪል፣ አምስት የማይጠገቡ ልጆች አንድ ላይ መጡ። ሰዉ «የዚያ ዓመት አዝመራ» ይላቸዋል። በጠፍ መሬት ላይ አንድ ዓመት ብቻ ሞልቶ የሚሰጥ አዝመራ አለ አይደል፣ እንደዚያ።

አራት ዓመት ሲጫወቱ ከተማው ረሃቡን ረሳ። ሕፃን ሁሉ በስማቸው ተጠራ፤ በኋላ ትምህርት ቤት ሲገቡ አስተማሪዋ «ሮይስ» ስትል ብዙ እጅ ይነሳ ነበር። ሮይስ ከሳተባት ቅዳሜ ወዲህ ግን ሮይስ ተብሎ የተጠራ ልጅ የለም።

ዊላዲን ይህን ሁሉ ታውቃለች። በልቧ የያዘችው ደግሞ ሌላ ነው። ሮይስን ያሳተችው እኔ ነኝ ብላ ታምናለች።

ያኔ በአባቷ በኦርቪል ምግብ ቤት የምታስተናግድ ልጅ ነበረች። ሮይስ ከልምምድ በኋላ ፀጉሩ እንደረጠበ በሩን ከፍቶ ገባ።

«ኩሽናው ተዘግቷል» አለችው፤ ቀናም አላለች።

«ሽታው ግን አልተዘጋም።»

«እንግዲያው ሽታውን ብላ።»

ቁጭ አለ። ወለሉን ጠርጋ እስክትጨርስ እጆቹን አጣምሮ ጠበቀ። በመጨረሻ የተረፈ የበቆሎ ዳቦ አምጥታ ፊቱ አኖረችለት። ቀና ብሎ አያት። ሳህኑን የያዘው እጇ ሳህኑን መልቀቅ እንዳለበት ረሳ።

ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት ወንዙ ላይ ባለው ድልድይ ነበር። ብዙ አያወሩም። አባቷ ተጫዋቾቹን እንደ ታቦት ነበር የሚያያቸው፤ ልጁ ከመካከላቸው አንዱን እንደምትወድ ቢሰማ ግን ምን እንደሚል አይታወቅም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከዊላዲን በቀር ሰው አልነበረውም።

ሮይስ የቅጣት ውርወራ ሲሰጠው ኳሷን ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ያነጥርና ከመወርወሩ በፊት ዓይኑን ወደ ላይ ያነሳል። ሰዉ ወደ ሰማይ የሚያይ ይመስለው ነበር፤ ሰባኪው ሳይቀር እሁድ ምሳሌ አድርጎታል። የሚያየው ግን ከቅርጫቱ ጀርባ አራተኛውን ረድፍ ነበር። የኦርቪል ሁለት ወንበሮች እዚያ ናቸው። በዚያ አገር እንደ መሬት ከአባት ለልጅ የሚተላለፉ ወንበሮች ናቸው። ዊላዲን እዚያ ቆማ ትጠብቀዋለች። ሲያያት ይረጋጋል። ይወረውራል፤ ይገባል።

በመጨረሻው ዓመት፣ ከትልቁ ጨዋታ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ድልድዩ ላይ እጇን ያዛት።

«ኦሃዮ ጎማ ፋብሪካ ሥራ አግኝቻለሁ» አለ። «ትመጫለሽ?»

ወደ ታች አየች። ውሃው ከበታቻቸው ይሄዳል። አባቷን አሰበች።

«አሁን አትመልሺልኝ» አለ። «ቅዳሜ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ ሰው ሁሉ ሲቆም፣ እሺ ካልሽ ቁጭ በይ። እምቢ ካልሽ ወጥተሽ ሂጂ። እምቢታሽን ከአፍሽ መስማት አልችልም።»

«ቁጭ? አባዬ ይገድለኛል።»

«ለዚህ እኮ ነው። አንቺን የመሰለች ግትር ለእኔ ብላ አንድ ጊዜ ከተቀመጠች፣ ዕድሜ ልኬን አልጠራጠርም።»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በዚያ አዳራሽ በመጨረሻዋ ደቂቃ የሚቀመጥ ሰው የለም። የታመመው ይደገፋል፣ ያረገዘችው ትቆማለች፣ አሮጊቶች በሁለት ምርኩዝ ይነሳሉ። ያኔ መቀመጥ ለቅሶ ቤት መሳቅ ማለት ነው።

ቅዳሜ መጣ። ያሸነፈ ለአገር አቀፉ ውድድር ያልፋል። ልጆቹ በአንድ ነጥብ እየተመሩ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሮይስ ተመታ፤ ሁለት የቅጣት ውርወራ ተሰጠው። አዳራሹ በአንድነት ተነሳ። ፊቷ ያለው ሦስተኛው ረድፍም ተነሳ፤ ልክ ከፊቷ የቆመው አጎቴ ሆባርት ያኔም ሰፊ ነበር።

ዊላዲን ተቀመጠች።

«ተነሺ» አለ አባቷ በጥርሱ መካከል።

አልተነሳችም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ዝምታ ሆነ። ያን ሁሉ ሕዝብ የያዘ አዳራሽ እንዲያ ዝም ሲል ሰምታ አታውቅም። ኳሷ ስትነጥር ሰማች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ነጠራው ቆመ። ቆይታው ከወትሮው ረዘመ። የቅርጫቱ ብረት ጮኸ። ሕዝቡ አቃሰተ። እንደገና ዝምታ፣ እንደገና ብረት።

አባቷ ወደ ታች አያት።

«አየሽ፣ ተቀመጥሽና ሳተ» አላት። ይህን አንዴ ተናገረ፤ እስኪሞት ድረስ ደግሞ አላነሳውም።

ዝናብ እየወረደባት ተጫዋቾቹ በሚወጡበት በር ጠበቀች። የጽዳት ሠራተኛው በሩን ሲቆልፍ፣ ሮይስ ከእናቱ ጋር በፊት ለፊቱ በር ወጥቶ መሄዱን ነገራት። ቢደውል ታነሳ ነበር፤ አልደወለም። እሷም አልደወለችም። መልሴን በሺህ ሰው ፊት ሰጥቻለሁ፣ ከዚህ ወዲያ መምጣት የእሱ ፈንታ ነው አለች። ባልመጣ ጊዜ አባቷ ያለው እውነት መሰላት። እሱም ያወቀው መሰላት፤ መቀመጧ እንዳሳተው፣ ፊቷን ማየት እንዳስጠላው።

አንድ ጊዜ አገባች፤ ደግ ሰው ነበር፣ በሰላም ተለያዩ። «ከሰው ጋር ነው የተጋባሽው ወይስ ከዝምታ?» ብሏት ነበር ሲሄድ። አልዋሸም። ያ ዝምታ ሠላሳ ዓመት ተከትሏታል። ድስቱ መፍላቱን ሲያቆም ትሰማዋለች። ሬዲዮኑ ሲጠፋ፣ እንግዳው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ፣ ያ ዝምታ ይመጣና ቆሞ ይጠብቃታል። ከዚያ ሦስት ነጠራ። በዚያ ምክንያት በራሷ ምግብ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ያያት የለም፤ ስትቀመጥ ይብስባታል።

አሮጌው አዳራሽ ሊፈርስ ነው ተባለ። ለስንብቱ የዚያ ዓመት አዝመራ ተጠራ። ዴሜትሪ ባለፈው ክረምት ልቡ ቆሞ ሞቷል፤ አራቱ ይመጣሉ አሉ። አጎቴ ሆባርት የወሬው ትኩሳት ሳይበርድለት ገባ።

«ሮይስም ይመጣል። አሁን በአፉ ይነግረናል። ሳልጠይቀው ብሞት መቃብሬ አይቀበለኝም።»

«ተወው ሰውዬውን» አለች ዊላዲን።

«ያባትሽ ወንበር በመጨረሻው ቀን ባዶ ይሁን? ኦርቪል ከመቃብር ይነሳል።»

አልሄድም አለች። ሦስት ቀን ሙሉ አልሄድም አለች። በኋላ ግን፣ ሆባርት ሮይስን በሰው ፊት ሲያዋርደው እኔ ቤቴ ልቀመጥ ነው ወይ ብላ ካፖርቷን ለበሰች።

አዳራሹ አርጅቷል፣ ሽታው ግን ያው ነው። አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ሆባርት ከፊቷ በቦታው ነበር። ስም ተጠራ፤ አንድ በአንድ ራሰ በራ፣ ሽበታም ሰዎች ወጡ። የዴሜትሪን መለያ እህቱ ይዛ መጥታ ባዶ ወንበር ላይ አለበሰችው። ዴሜትሪ ያን ያህል የሚጮኽ ልጅ ነበርና፣ ወንበሩ ዝም ማለቱ ሰዉን አስለቀሰው።

በመጨረሻ «ሮይስ ኮምብስ» ተባለ። ሕዝቡ እንደ ድሮው በአንድነት ተነሳ። ዊላዲንም ልትነሳ አለች፤ ቀኑን ሙሉ ስትቆም የኖረችበት ጉልበቷ ያዛት። ወንበሩ ላይ ቀረች። ለማስታወሻ አንዲት ኳስ ከመስመሩ ላይ ይወረውራል አሉ።

ዝምታው መጣ። የሠላሳ ዓመቱ፣ ያው ራሱ።

ዛሬ ግን ዓይኗ ክፍት ነው። ልታየው ፈለገች፤ የሆባርት ቡናማ ኮት ብቻ ታያት። ወደ ግራ ዘመመች፤ ሌላ ጀርባ። ወደ ቀኝ፤ ሌላ ጀርባ። ኳሷ ነጠረች፤ አንድ።

እኔ እሱን ካላየሁት፣ አለች በልቧ። ሁለት።

አላየኝም። ያየው ባዶ ቦታ ነው። ሄደች ብሎ ነው። ሦስት።

የሆባርትን ትከሻ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ ሰውዬው ሊወድቅ ተንገዳገደ። በዚያ በታመመ ጉልበቷ ወንበሩ ላይ ወጣች።

ሮይስ ዓይኑን ወደ ላይ አነሳ። ሸምግሏል፣ ትከሻው ጠቧል፤ ዓይኑ ያው ነው። አያት። ኳሷን እንደያዘ ቆየ፤ ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ኳሷን ቀስ አድርጎ መስመሩ ላይ አስቀመጣትና ሄደ።

«ዛሬም ፈራ» አለ አንዱ ከኋላ።

ሰዉ ኬክ ወደሚቆረስበት ሲወርድ እሷ አልወረደችም። ሮይስ የብረቱን መደገፊያ ይዞ፣ እግሩን እየጎተተ ደረጃውን ወጣ። ሰላምታም አልሰጠም።

«ወጥተሽ ሄድሽ» አለ።

«ተቀመጥኩ።»

«ቦታሽ ክፍት ነበር፣ ዊላ። በዓይኔ ነው ያየሁት። ሰው ሁሉ ቆሟል፣ አንቺ ያለሽበት ብቻ ጉድጓድ ነው።»

አልተከራከረችውም። ክንዱን ይዛ ወንበሯ ላይ አስቀመጠችው። ወደ ሦስተኛው ረድፍ ወረደችና የሆባርት ቦታ ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

«ሜዳው ይታይሃል?»

ከታች የሰው ሳቅና የሳህን ድምፅ ይሰማል። ወደ ግራ ዘመመ፣ ወደ ቀኝ ዘመመ።

«ካንቺ በቀር የሚታየኝ የለም» አለ።

አልዞረችም። እንባዋን ሰው እንዲያይባት አትወድም። እጇን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋች፣ ያዘው። የኖረበትን ሁሉ በአጭሩ ነገራት፦ የኦሃዮዋ አክሮን ከተማ፣ ፋብሪካው፣ ሚስቱ፣ የሚስቱ ሕመም፣ መቃብሯ። የኳስ ድምፅ በሰማ ቁጥር ያ ጉድጓድ እንደሚታየው ነገራት። እሷም ስለ ዝምታው ነገረችው።

«ጠይቄሽ ቢሆን ኖሮ» አለ።

«ነግሬህ ቢሆን ኖሮ» አለች። ከዚያ በላይ ለሠላሳ ዓመት የሚበቃ ቃል አላገኙም።

መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኦሃዮ እየነዳ ይመጣ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ መመለሱን ተወው። የምግብ ቤቱ ሰዎች አፍረው ሰነበቱ፤ ፊት ለፊቱ ያን ጥያቄ የሚያነሳ ጠፋ። አጎቴ ሆባርት ግን ይዞት መሞት አልቻለም።

«እንግዲህ በደግ ልቦና ነው የምጠይቅህ» አለው አንድ ቅዳሜ። «ያን ቀን ምን ሆነህ ነው?»

ሮይስ ዊላዲንን አያት።

«አንድ ሰው ፊቴ ቆሞብኝ ነው፣ አጎቴ።»

«ማን ነው እሱ የተረገመ? እዚያው ነበርኩ እኮ። ከፊትህ ማንም አልነበረም።»

ዊላዲን ለሆባርት የፖም ኬክ ቆረሰችለት፤ ከወትሮው ተለቅ አድርጋ። ሠላሳ ዓመት ቡና የቀዳችለት ሰው ነው፤ ይህን ቢያውቅ አንድ ሌሊት አያድርም።

«ብላ፣ አጎቴ» አለችው። «ሰውዬው ጥፋት የለበትም። እንደ ሰው ሁሉ ነው የቆመው።»

ሆባርት አፉን ሊከፍት ሲል ከኮረብታው ላይ ከባድ ድምፅ መጣ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አዳራሹን ማፍረስ የጀመሩት ያን ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ሳህኑን ትቶ ተነሳ፤ መስኮቱ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቆመ። የሚያለቅስም ነበረ።

ዊላዲን ሽርጧን ፈታች። ሮይስ አጠገብ ያለውን ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ሁለተኛው ግድግዳ ሲወድቅ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ነጠራው ይመጣል ብላ ጠበቀች። አልመጣም። እጁ በጠረጴዛው ስር እጇን አገኘው፤ ያ ሁሉ ጀርባ ከፊታቸው ቆሞ ነበርና ማንም አላያቸውም።