ግማሽ መልስ

ዓርብ ከሥራ ሲወጡ፣ ደረጃው ላይ ነበር የነገረችው። ታላቅ ወንድሟ በሚኖርበት ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶላታል፤ እሺታዋን እስከ ሰኞ ምሳ ሰዓት ይጠብቃል።

«ቆይ፣ እኔ እኮ…» ብሎ ሲጀምር ስልኩ ጠራ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አልተነፈሰም። የሥራ ባልደረቦቹ «ቆይ-ቆይ» የሚሉት በከንቱ አይደለም።

ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል። ሰርቨሩ ታሟል፤ ለደንበኞች ገጹ እስከ ግማሽ ይከፈትና ቀጥ ይላል። ኮዱን የጻፈው እሱ ነው፤ ስህተቱን እንድትፈልግ የታዘዘችው እሷ። ዓይኗ ከኮዱ ወደ ግድግዳው ሰዓት ይመላለሳል።

«ለእያንዳንዱ ግንኙነት ሁለት ክስተት፣ እንደ ቀስቃሽ ደወል፣ አስሬለታለሁ» አለ፣ ፊቷን ሳያይ። «ደንበኛው ሲናገር የማንበቢያው ይቀሰቅሰናል። መልስ መላኪያው መንገድ ሲከፈት ደግሞ የመጻፊያው።»

«ማንበቢያውስ ደህና ነው። የተባልከውን ሁሉ ሰምተሃል።» ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «መልሱ ሲረዝም መንገዱ ይሞላል፤ ግማሹ ብቻ ይሄዳል። የቀረውስ?»

«መንገዱ ሲለቀቅ ይላካል።»

«ማን ቀስቅሶህ? እዚህ ጋ የመጻፊያውን ክስተት አላስመዘገብከውም እኮ! የቀረው መልስ አንተው ጋ ተቀምጧል። ደንበኛው ምን ያውቃል? ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል።»

መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። እሱም ሰማ።

አንዲት መስመር ጨመረ። ሞከሩት፤ ገጹ እስከ ታች ተከፈተ። ሌላ ቀን ቢሆን በደስታ መዳፍ ለመዳፍ ያጋጩ ነበር።

ስልኳ ጠራ። ወንድሟ ነው። ተነሥታ ወደ በሩ አመራች።

«ቆይ!» አለ።

«ደግሞ ቆይ?»

«የዓርቡን ልጨርስ። አትሂጂብኝ ልልሽ ነበር። ከዚያ እንጀራዋን ልዘጋባት ነው ብዬ ፈራሁ። ሙሉውን አስቤ አንዴ ልንገራት ስል ሰኞ ሆነ። እወድሻለሁ። ብትሄጂም እከተልሻለሁ።»

«ይህን ሁሉ ይዘህ ነው ዝም ያልከኝ? አንተ ጉደኛ!»

ስልኩ አሁንም ይጮኻል። አነሳችው።

«ጋሼ፣ አልመጣም።»

የወንድሟ ቁጣ ክፍሉን ሞላው። ዓይኗን ከባልደረባዋ ላይ ሳትነቅል፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትዘጋው» አለች። «ገና አልጨረስኩም።»